ጁዶ ጦር ሜዳ ላይ ይጠቅመኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጁዶ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ጥቁር ቀበቶ አለኝ፣ ልጆችም አሰለጥናለሁ። ዩክሬን ሄጄ እንደ ሌሎች የውጭ ዜጎች ጦሩ ውስጥ መመዝገብ እፈልጋለሁ። ወታደር ሆኜ አላውቅም። ለገንዘብ ብዬም አይደለም። ከፍርስራሽ ሥር ልጅ ሲወጣ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ የተማርኩት ነገር እዚያ ይጠቅማል?

የቀድሞ እግረኛ ወታደር፦
ወንድሜ፣ እኔም ውትድርና ከመግባቴ በፊት ቦክሰኛ ነበርኩ። ያንተን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ።

የሚገድልህን ሰው ፊቱን አታየውም። እዚያ ጦርነት ላይ ብዙውን ሰው የሚጥለው መድፍና ድሮን ነው። ያቮሪቭ የሚባለውን ማሰልጠኛ አስበው። ከግንባር ሩቅ ነው፣ ለፖላንድ ድንበር ቅርብ። የውጭ በጎ ፈቃደኞች ይሰለጥኑበት ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2022 ሩሲያ ከ30 በላይ ሚሳኤል ተኮሰችበት። የዩክሬን ባለሥልጣናት 35 ሰው መሞቱን ተናገሩ። ግንባር ሳይደርሱ ማለት ነው።

ጁዶ ስትወድቅ ቶሎ መነሣት ያስለምድሃል። እዚያ ደግሞ ከወደቅክ አትነሣም፤ እንደተኛህ ትቆፍራለህ። ቀኑን ሙሉ አካፋ ነው። ቶሎ የመነሣትን ልማድ ለመተው እኔ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

የሚጠቅምህም አለ። ትንፋሽ አለህ። ደክሞህ እያለ አሠልጣኝ ሲጮህብህ ሳታኮርፍ ትደግማለህ። ብዙ ጎበዝ ጎረምሳ እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው።

ከሁሉ በፊት ግን ቱርኒኬት፣ ማለትም እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ የሚታሰር ደም ማቆሚያ፣ ማሰር ተማር። ከቁስሉ በላይ አምስት፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር ትተህ ታስራለህ፤ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አታስርም። ደሙ እስኪቆም የማሰሪያውን ማጥበቂያ ዘንግ ታጠምዛለህ። ቁስለኛው ይጮህብሃል፣ አትላላለት። ያሰርክበትን ሰዓት ትጽፋለህ። የታፋ ደም ሥር ከተቆረጠ ያለህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሕግ የተማረች፦
ከመሄድህ በፊት የዜግነትህን አገር ሕግ አንብብ፤ የሚከለክሉ አሉ። በ1977ቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል (የጦርነት ሕግ ስምምነት ነው) መሠረት፣ በመደበኛ ጦር ውስጥ የተመዘገበ ሰው ቅጥረኛ አይባልም። የማረከህ ወገን ግን ይህን ላይቀበለው ይችላል። በጁን 2022 በሩሲያ የሚደገፉ ተገንጣዮች በያዙት ዶኔትስክ ውስጥ ሁለት እንግሊዛውያንና አንድ ሞሮኳዊ ቅጥረኛ ተብለው ሞት ተፈረደባቸው። የዩክሬን ጦር አባላት ነበሩ። በሴፕቴምበር በእስረኛ ልውውጥ ተፈቱ። እናቶቻቸው እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፉ ሳስብ ያመኛል። ለቤተሰብህ ነግረሃል?

የጁዶ አሠልጣኝ፦
ተጋጣሚህ ምንጣፉን መታ መታ ሲያደርግ ትለቃለህ አይደል? አንገቱ በክንድህ ውስጥ እያለ፣ ንዴትህም ሳይበርድ። ይህንን ይዘህ ሂድ። እጁን የሰጠ ሰው አይነካም፤ የጦርነት ሕጉም ይኸው ነው። ጓደኞችህ ሲሞቱ ካየህ በኋላ ግን ከባድ ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኩም፤ እሑድ እነግራታለሁ። ትናንት ማታ ቱርኒኬት ገዝቼ ታፋዬ ላይ ሞከርኩ። አንድ ደቂቃ ከሩብ ፈጀብኝ።

የቀድሞ እግረኛ ወታደር፦
ብዙ ነው። አሁን መብራት አጥፍተህ፣ በግራ እጅህ ብቻ ሞክር።