የሰረቅሁትን እንዴት ልመልስ?

አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ምከሩኝ። ከ12 ዓመት በፊት በአንድ እህል መደብር ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከገንዘብ መሳቢያው በጥቂት በጥቂቱ ወደ 9,000 ብር ወስጃለሁ። ባለቤቱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው የሚሰጡኝ፣ እንደ ልጃቸው ያመኑኝ ሰው ነበሩ። ገንዘቡን በፖስታ አሽጌ ስሄድ ማረፋቸውን ሰማሁ። ሚስታቸው ግን በሕይወት አሉ፤ ደጃቸው ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ።

ዘኍልቍ 5፥7 አምስተኛ እጅ ጨምሮ መመለስን ያዝዛል፤ ዘኬዎስ ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ቁጥሩስ ይሁን። የሚያቃጥለኝ እኔ ባጎደልሁት ገንዘብ ተጠርጥሮ ከመደብሩ የተባረረው ልጅ ነው። ገንዘቡን በንስሐ አባቴ በኩል ብልክ የእርሱ ስም ሳይነጻ ይቀራል። ለሚስታቸው ፊት ለፊት ልናገር? ልጁንስ ባገኘው ከምን ልጀምር? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።