ፖይንተሩን ፍሪ የሚያደርገው ማነው? የሲ ላይብረሪ ጥቆማ

በሲ ቋንቋ ለምትሠሩት ፕሮጀክት ላይብረሪ የምትመርጡ ካላችሁ፣ ከፍጥነቱ በፊት ዶክመንቴሽኑን እዩ። እኔ የምገባው አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ይሄ ፈንክሽን የሰጠኝን ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ፍሪ የማደርገው፣ ማለትም ሜሞሪውን የምለቀው፣ እኔ ነኝ ወይስ ላይብረሪው? አንዴ መልሱ ያልተጻፈበት ላይብረሪ ገጥሞኝ፣ ሁለት ጊዜ ፍሪ የተደረገ ሜሞሪ ሳሳድድ ሁለት ቀን ሙሉ ሄዶብኛል።

በዚህ ሚዛን ከዳታቤዝ ላይብረሪው ከኤስኪውላይት የሚበልጥብኝ የለም። "ኮለም ቴክስት" የሚባለውን ፈንክሽን ገጽ ክፈቱ። የተሰጣችሁ ጽሑፍ እስከ መቼ እንደሚቆይ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል፦ "ስቴፕ"፣ "ሪሴት" ወይም "ፋይናላይዝ" እስክትጠሩ፣ ወይም ዳታው ወደ ሌላ ዓይነት እስኪቀየር። ፍሪ እንዳታደርጉትም ያስጠነቅቃል። "ኤግዜክ" የሚሰጣችሁን የስህተት መልእክት ግን የምትለቁት እናንተ ናችሁ፤ እሱም ተጽፏል። ደግሞ ሙሉ ዶክመንቴሽኑ በዚፕ ይወርዳል። ኔትዎርክ ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፤ ለእኛ አገር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ፋይል ለማውረድ ወይም ኤፒአይ ለመጥራት ሊብከርልን ያዙ። እያንዳንዱ ኦፕሽን የራሱ ገጽ አለው፤ ምሳሌ ኮዱና ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደመጣ አብሮ አለ። አንድ ቦታ ግን ተጠንቀቁ። ሊብከርል የምትሰጡትን ስትሪንግ ኮፒ ይወስዳል፣ የምትልኩት ዳታ በሚሰጥበት "ፖስትፊልድስ" ኦፕሽን ላይ ግን አይወስድም። ዳታው ዝውውሩ እስኪያልቅ በእናንተ እጅ መቆየት አለበት፤ ካልሆነ "ኮፒፖስትፊልድስ" አለላችሁ። በጣም የምወድለት ደግሞ ይሄን ነው፦ ተርሚናል ላይ የሠራላችሁን የከርል ትእዛዝ ወስዳችሁ ሁለት ሰረዝ፣ "ሊብከርል" እና የፋይል ስም ጨምሩበት። ያንኑ ሥራ የሚሠራ የሲ ኮድ ጽፎ ያስቀምጥላችኋል።

የዳታ መጭመቂያው ላይብረሪ ዚሊብ ማብራሪያው በአብዛኛው ሄደር ፋይሉ ውስጥ ነው። ለጀማሪ ይከብዳል፤ ከላይብረሪው ጸሐፊዎች አንዱ ማርክ አድለር መስመር በመስመር ካብራራው "ዚፓይፕ" ምሳሌ ጀምሩ።

የኢንክሪፕሽን ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ማኑዋሉ ሰፊ ነው፣ ከየት እንደሚጀመር ግን ግራ ያጋባል። እኔን ያወጣኝ የስሞቹን ሕግ ማወቄ ነው። ስሙ ውስጥ "ጌት0" ካለ የሰጣችሁን ፍሪ አታድርጉት፣ "ጌት1" ካለ መልቀቁ የእናንተ ነው። በ3.0 ቨርዥን የሌላውን ወገን ሰርተፍኬት የሚያመጣው ፈንክሽን ስም ላይ እንኳ ይቺው 1 ተጨምራለች።

ለግራፊክስ እንዲህ በግልጽ የተጻፈለት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ እየፈለግሁ ነው።