የድብርት ኪኒን እየወሰድኩ አረገዝኩ፣ ልጁ ሲያድግ ጠባዩ ላይ ችግር ያመጣ ይሆን?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም እህቶቼ። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሰው የሆንኩትም በእሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ፋርማሲ ስገባ ሻጩ ሆዴን አየና ሰው ፊት "ይሄን እየዋጥሽ? ልጅሽ ኦቲዝም ይይዘዋል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ አየውና መልሼ እከተዋለሁ። 4 ቀኔ ነው። ባሌ አያውቅም። እናቴ "ተይው፣ ዱዓ እናደርጋለን" ትላለች። ክትትሌ ደሴ ነው፣ ቀጠሮዬ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። እውነት የልጅ ጠባይ ያበላሻል?

መልስ፣ ደሴ ሮቢት፦
አብሽሪ እህቴ። የመጀመሪያዬን ሳረግዝ ልክ እንዳንቺ ፈርቼ በራሴ አቆምኩት። በ7ኛው ወር እህል አልቀምስ አልኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መዋል ሆነ ሥራዬ፣ ክትትሉንም ተውኩት። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ ተወለደች። ሁለተኛውን ሳረግዝ ግን ሐኪሜ ሰርትራሊን የሚባለውን የድብርት ኪኒን እንድቀጥል አደረገኝ። በተወለደ በማግስቱ ዳይፐር ስቀይርለት እጆቹ ተንቀጠቀጡ፣ አገጩም ጭምር፣ ነፍሴ ልትወጣ! ነርሷ ግን ቀድማ ነግራኝ ነበር። ደረቴ ላይ ለጥፌ ሳጠባው ይረጋጋል። በአምስተኛው ቀን ጠፋ። አሁን 6 ዓመቱ ነው፣ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ አድርጎ ሲሮጥ ይውላል።

መልስ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ፦
ሻጩ የነገረሽ ሙሉውን አይደለም። የድሮ ጥናቶች ኪኒን የወሰዱ እናቶችን ካልወሰዱት ጋር ሲያነጻጽሩ በልጆቹ ላይ ልዩነት አዩ። ግን የሚወስዱት እኮ የታመሙት ናቸው፣ ለሕመሙ ያለው ዝንባሌም በዘር ይተላለፋል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ከኪኒኑ ላይሆን ይችላል። በፈረንጆቹ 2017 ስዊድንና ካናዳ ውስጥ የአንድ እናት ልጆችን፣ አንዱ በኪኒን ሌላው ያለ ኪኒን የተረገዙትን፣ ሲያወዳድሩ የኦቲዝሙ ልዩነት አልታየም። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ትልቅ ጥናትም ትኩረት ማጣትንና የጠባይ ችግርን ጨምሮ አይቶ ወደዚያው ነው ያደላው። ልጆቹ ጎረምሳ ሲሆኑ ድብርት ይይዛቸው ይሆን የሚለው ግን ገና ያከራክራል፣ አልደብቅሽም።

መጨረሻዎቹ ወራት ላይ ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት እስከ 30ዎቹ መንቀጥቀጥ፣ መነጫነጭ ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ያሳያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይለቃቸዋል። ስለዚህ የምታዋልድሽ ሚድዋይፍ መውሰድሽን ትወቅ። ለነፍሰ ጡር በጣም የሚፈራው ሌላ ነው፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት፤ ኦቲዝምም የአፈጣጠር ጉድለትም ከእሱ ጋር ይያያዛል። ሻጩ ምናልባት ሁለቱን መድኃኒቶች አምታቶ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። በ4 ቀን ምንም ስላልተሰማሽ ዳንኩ እንዳትይ። ሦስት ሳምንት አትጠብቂ፣ ነገውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። ማታ ለባሌ ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና "ለምን ብቻሽን?" አለኝ። ደውለን ሐሙስ ጠዋት ኑ ብለውናል። ሐረጎ ዳገት ላይ ስለሚያስመልሰኝ ሎሚ ይዤ አብረን እንወጣለን።