የፌስቡክ ፎቶዎቼን ጥቅል ሳልጨርስ ወደ ጉግል ፎቶ እንዴት ላሻግር?

ሜሪ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ ላይ የጫንኳቸው ፎቶዎች አሉ። የድሮ ስልኬ ስለተሰረቀ ሌላ ቦታ የሉኝም። አንድ በአንድ ላውርድ ብል ጥቅሌም ስልኬም አይችለውም። በቀጥታ ወደ ጉግል ፎቶ መላክ ይቻላል? በተለይ የምርቃቴን ፎቶ እንዳላጣው እፈራለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አበባዬን ይዞልኝ የቆመበት ነው። ከሥሩም «እሰይ የኔ ልጅ» ብሎ ጽፎልኛል።

ዳዊት፦ ይቻላል እህቴ። ፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ አካውንትስ ሴንተር (Accounts Center) የሚለውን ክፈቺ። ስለ መረጃሽና ስለ ፈቃድ በሚለው ክፍል፣ መረጃሽን ወደ ሌላ አገልግሎት መላኪያ አለ። ጉግል ፎቶን ምረጪና በጂሜይልሽ ገብተሽ ፍቀጂ። የሚሄደው ከፌስቡክ ሰርቨር (ፎቶው ከተቀመጠበት ኮምፒውተር) ወደ ጉግል ሰርቨር ነው። በስልክሽ ስለማያልፍ ጥቅልሽን አይበላም። ፎቶና ቪዲዮ ለየብቻ ይላካል። መጀመሪያ ግን ጉግል ላይ ቦታ እንዳለሽ እዪ። ነፃው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጂሜይልና ድራይቭ ይጋሩታል።

ኤልሳ ከፍራንክፈርት፦ እዚህ አውሮፓ ይሄ መብት ነው። ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 20 ላይ አለ። ድርጅቱ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሕጉ የሚለው ግን አንቺ ራስሽ የሰጠሽውን መረጃ ነው። ሌላ ሰው የጻፈው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሜሪ፦ እና የአባቴ ጽሑፍ?

ዳዊት፦ እሱ አብሮ አይሄድም። የሚሻገረው ፎቶው ብቻ ነው። ሰዎች የጫኑትና አንቺን ታግ ያደረጉበት ፎቶም አይሄድም። የአባትሽን ጽሑፍ አሁኑኑ ስክሪንሾት አንሺው፤ ስሙና የጻፈበት ጊዜ ይታይ። ከዚያ ለእህት ወንድሞችሽም ላኪላቸው። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም።

ሀና፦ እባክሽ አትቸኩዪ። እኔ ሌላ አገልግሎት ላይ «ተጠናቋል» ሲለኝ አምኜ አካውንቴን አጠፋሁት። የልጄ የክርስትና ቪዲዮ አልተሻገረም ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል። የሚላከው ቅጂ ስለሆነ ዋናው እዚያው ይቆያል። ጉግል ፎቶ ላይ ገብተሽ በየዓመቱ እየከፈትሽ እዪ። ቪዲዮውን አጫውቺው።

ሜሪ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስክሪንሾቱን አነሳሁት፣ ለወንድሜም ላክሁለት። ጂሜይሌን እያጸዳሁ ነው። ፎቶዎቹን ማታ እልካለሁ፤ አካውንቱን አልነካውም።