«ከጸሎት በኋላ ቂዱሽ ይኖራል» ማለት «ቅዳሴ አለ» ነው?

ተርጓሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ የሚመለስ የባር ሚጽቫ (የአይሁድ ልጅ ለትእዛዛቱ ዕድሜ ሲደርስ የሚደረግ በዓል) መጥሪያ ላይ አንድ ቃል ያዘኝ። የሚላከው እስራኤል ላሉ፣ አማርኛ ለሚያነቡ አያቶች ነው። እንዲህ ይላል፦ «ልጃችን በሰንበት ጠዋት ወደ ቶራ ይወጣል፤ ከጸሎት በኋላ በአዳራሹ ቂዱሽ ይኖራል።» በመጀመሪያው ረቂቅ «ከጸሎት በኋላ ቅዳሴ አለ» ተብሏል። ይህ ያስኬዳል?

ዘግእዝ፦ በሚገባ ያስኬዳል። ቂዱሽ የሚወጣው ከ«ቂዴሽ» ነው፤ መካከለኛው ፊደል የሚጠብቅበት ግሥ። የኛም ቀደሰ ደ ይጠብቃል፣ ከእሱ የሚወጣው ስም ደግሞ ቅዳሴ ነው። ሥሩ አንድ፣ መጥበቁ አንድ፣ የድርጊት ስምነቱም አንድ። ከዚህ የቀረበ አቻ ከየት ይመጣል?

ጽዋ፦ መምህር፣ በሰዋስው ልክ ነዎት፤ በትርጉሙ ግን አያቶቹ ይሳሳታሉ። ቂዱሽ በወይን ጽዋ ላይ የሚባል ቡራኬ ነው። ጽዋው ቢያንስ አንድ ረቪዒት መያዝ አለበት፤ ይህ እንደየሊቃውንቱ ስሌት ከ86 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ወይን ከሌለ የወይን ጭማቂ ይሆናል። ጽዋው እስከ አፉ ይሞላል፣ ባራኪው ከረቪዒቱ አብዛኛውን ይጠጣል። ዓርብ ማታ መጀመሪያ ዘፍጥረት 2፥1-3 ይባላል፣ ቀጥሎ የወይኑ ቡራኬ፣ ከዚያ ሰንበትን የሚቀድሰው ረጅሙ ቡራኬ። ዳቦው በዚህ ሁሉ ጊዜ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆያል፤ በቡራኬ ቅደም ተከተል ዳቦ ከወይን ስለሚቀድም፣ ወይኑ ቀድሞት እንዳይታይ።

የጠዋቱ ግን ሌላ ነው። ስሙ በአራማይክ «ቂዱሻ ራባ»፣ ታላቁ ቂዱሽ ይባላል፤ ግዴታው ግን የወይኑ ቡራኬ ብቻ ነው። ሕጉ «ማዕድ በሌለበት ቂዱሽ የለም» ይላል። ስለዚህ ወይኑን ቀምሶ እዚያው ምንም ሳይበላ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ቂዱሽ እንዳላደረገ ይቆጠራል፣ ቤቱ እንደገና ይባርካል። ኬክ ወይም ብስኩት በወይራ ፍሬ መጠን እዚያው ከተበላ ይበቃል። ኬኩና ዓሣው አዳራሹ ውስጥ የሚደረደረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እየዋለ እያደረ ግብዣው ራሱ «ቂዱሽ» ተባለ። መጥሪያው ላይ ያለው ይኸው ግብዣ ነው።

ኦሪት ቤት፦ ጽዋ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንባቢዎቹ የቤተ እስራኤል አዛውንት ከሆኑ «ቅዳሴ» ጨርሶ አይሁን፤ በእነሱ ጆሮ የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው። የወይን ቂዱሽ ከረቢዎች ሥርዓት የመጣ ነው፣ በኢትዮጵያ ሳሉ አልነበራቸውም፤ ሰንበት የሚከበረው ቄሱ በሚባርኩት ዳቦ ነበር። «ቶራ»ም «ኦሪት» ቢባል ይሻላል። ኦሪት የመጣው ከአራማይኩ «ኦራይታ» ነው፣ ያም ቶራ ማለት ነው። «ወደ ኦሪት ይወጣል» ሲባል ይገባቸዋል፦ ልጁ ወደ ማንበቢያው ሰገነት ተጠርቶ ይባርካል። በሰንበት ጠዋት 7 ሰዎች ይወጣሉ፣ አንደኛው ካህን፣ ሁለተኛው ሌዊ፤ ከእነዚያ በኋላ የነቢያቱን ምንባብ የሚያነብ «ማፍጢር» ይጨመራል። ባር ሚጽቫ የሚያደርገው ልጅ ብዙ ጊዜ ይህን ይዞ ነው የሚወጣው።

ሰንበቴ፦ ቅዳሜ የሚለው ስምም ከዚሁ ከቅድስና አይደል? የተቀደሰች ቀን፣ ቅዳሜ።

ዘግእዝ፦ አይደለም። ሦስተኛውን ፊደል እይ፤ ቅዳሜ በመ ነው፣ ቅዳሴ በሰ። ቅዳሜ የቀዳሚት ሰንበት አጭሯ ናት፣ ከቀደመ። እሑድ ደግሞ ከአሐዱ። ይህ በየመጽሐፉ የሚገኝ ነው።

ጽዋ፦ ከቅዳሜ ይልቅ የሚያሰጋው ቃዲሽ ነው። አንድ አናባቢ ቢሳት የደስታው መጥሪያ የሐዘን ይሆናል። ቂዱሽ በወይን ላይ ነው፤ ቃዲሽ ቢያንስ 10 ሰው ሲሟላ የሚባል የአራማይክ ምስጋና ነው፣ ልጅ ለሞተ ወላጁ 11 ወር ይለዋል፤ ቄዱሻ ደግሞ በዓሚዳ፣ ቆመው በሚጸልዩት ጸሎት፣ መሐል የሚባለው ኢሳይያስ 6፥3፣ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ነው። «ቂዱሺን» የሚባልም አለ፣ እሱም የቂዱሽ ብዙ ቁጥር አይደለም፤ ማጨት ነው። የሁሉም ሥር አንድ ስለሆነ ማንም ይምታታበታል።

ኦሪት ቤት፦ የሚገርመው ቃዲሽ ውስጥ ስለ ሞት አንዲት ቃል የለም። መጀመሪያው «ይትጋዳል ቬይትቃዳሽ ሽሜ ራባ» ነው። መምህር፣ ይህን ሲሰሙ ምን ይታወስዎታል?

ዘግእዝ፦ አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ! «ይትቃዳሽ ሽሜ» ማለት ይትቀደስ ስሙ ነው፣ ፊደል በፊደል። የነሱ ሽ የኛ ሰ ናት፦ ሻሎም ሰላም፣ ሼም ስም፣ ሻማይም ሰማይ። የነሱ ሲን ደግሞ የኛ ንጉሡ ሠ ነው፦ ዔሴር፣ ዐሥር። በግእዝ ሰ እና ሠ ሳይምታቱ የተጻፉበትን ጽሑፍ ያየ ይህን አይስተውም።

ሰዋስው፦ ሕጉ ልክ ነው፤ ግን «ሻሎሽ»ን ምን ያደርጓታል? ዕብራይስጡ በሽ ይጀምራል፣ ግእዙ ሠለስቱ ነው፣ በንጉሡ ሠ። እንደ ሕጉ ሰለስቱ መሆን ነበረባት።

ዘግእዝ፦ ያች የጸሐፊ ስሕተት ትሆናለች።

ሰዋስው፦ አይደለችም፣ መምህር። በመነሻው ሁለቱ ድምፆች የተለያዩ ነበሩ፦ የፊተኛው የሲንና የንጉሡ ሠ ወገን ነበር፣ የኋለኛው ደግሞ በዐረብኛው የ«ሦስት» ቃል እንደሚሰማው በጥርስና በምላስ መካከል የሚወጣው። በዕብራይስጥና በዐረብኛ የፊተኛው የኋለኛውን መሰለ። በግእዝ ግን የፊተኛው እንደ ጥንቱ በሠ ቀረ፣ የኋለኛው ሰ ሆነ። ስለዚህ ሠለስቱ በፊት ሠ፣ በኋላ ሰ ነው።

ተርጓሚ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቃሉን ካስቀረሁት «ቂዱሽ» ልበል ወይስ «ኪዱሽ»? ሲናገሩት ኪ ነው የሚሰማኝ።

ኦሪት ቤት፦ በ«ቂ» ይሁን። ፊደሉ ቆፍ ነው። በዛሬው ዕብራይስጥ ቆፍና ካፍ በድምፅ ተቀላቀሉ እንጂ በጽሑፍ አልተቀላቀሉም። ይስሐቅን በቅ ጽፈን ቂዱሽን በኪ ብንጽፍ ሥሩን እንቆርጣለን።

ጽዋ፦ እኔ አልስማማም። አያቱ የልጅ ልጃቸው ከሚጠራው ጋር እንዲገጥምላቸው ኪ ይሁን።

ዘግእዝ፦ ፊደል ያለው ሕዝብ በጆሮ አይጽፍም። ማፍጢርንም ተመልከቱ፦ በዛሬው ዕብራይስጥ ቴትና ታቭ አንድ ናቸው፣ ስለዚህ «ሀፍጣራ» (ማፍጢሩ የሚያነበው የነቢያት ምንባብ) ውስጥ ቶራ ያለች ይመስላቸዋል። የለችም። ሀፍጣራ በጠ ነው፣ ትርጉሙም መፈጸም፣ ማሰናበት፤ ቶራ በተ ናት። የኛ ፊደል ይህን ለይቶ ያሳያል። ታዲያ ቆፍ ላይ ሲደርስ ለምን ይጣላል?

ሰዋስው፦ ሀፍጣራን ካነሡ፣ የኛ ፈጠረ ከዚያው ሥር ነው ይላሉ?

ዘግእዝ፦ የለም። የዕብራይስጡ መልቀቅ ነው፣ የኛ መፍጠር።

ሰዋስው፦ ዐረብኛው ፈጠረ ግን መሰንጠቅም መፍጠርም ነው፤ ፊጥርም ጾም መፍታት። መልቀቁ ከዚያ ርቆ ነው?

ተርጓሚ፦ «ከጸሎት በኋላ በአዳራሹ የቂዱሽ ማዕድ ይኖራል» ብዬ በ«ቂ» ጻፍኩት፤ ዛሬ ማታ ይሄዳል። የምትቃወሙ ካላችሁ አሁኑኑ።

ሰዋስው፦ መምህር፣ የፊጥሩን ጉዳይ አልመለሱልኝም።