የዝዋይ ደሴቶች ኢንተርኔት ፕሮፖዛል፤ ረቂቅ 3፣ እርማት እስከ ዓርብ ብቻ
የጅማ ኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የውይይት ገጽ፤ አባላት የሚጠሩት በጅማ ሰፈራቸው ነው

ጸሐፊ፣ ሰኞ ጠዋት 3፡10
ረቂቁ ተለጥፏል። ያላነበበ ሰው አይጻፍ። ለጋሹ የሚቀበለው እስከ ቅዳሜ ነው፤ እኛ ዓርብ እንዘጋለን። ባጭሩ፦ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ፣ ጀልባ የሚቆምበት አጠገብ፣ አንድ የሕዝብ ዋይፋይ። ሐይቁ ዳር ካለችው ከባቱ ከተማ በሬዲዮ ሊንክ ይሻገራል። የደሴቱ ኃይል ሶላር ነው። የሁለት ዓመት የኢንተርኔት ክፍያ ተይዟል። ከባቱ ጀልባ ባለቤቶች ጋር በጋራ ነው የምናስገባው። የአምናውን የላብራቶሪ ጉዳይ ማንም እንዳያነሳብኝ።

የመርካቶው፣ ሰኞ 3፡40
አነበብኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ሰው ስልኩን ከፍቶ ዋይፋይ ሲፈልግ ምን የሚል ስም ነው የሚመጣለት? ረቂቁ «ደምበል ነጻ» ይላል። የእኛ ስም የት ገባ? ገንዘቡን የምናመጣው እኛ፣ የምንተክለው እኛ፣ ስሙ የሐይቁ!

የጅሬኗ፣ ሰኞ 4፡15
ስሙ ይደርሳል። እኔን ያስፈራኝ ገጽ 3 ላይ ያለው ሊንክ ነው። ውሃ ላይ የሚሻገር ሬዲዮ ከጣሪያ ጣሪያ እንደምንጎትተው አይደለም። ሲግናሉ አንዱ ቀጥ ብሎ ይደርሳል፣ ሌላው ውሃው ላይ ነጥሮ ይደርሳል። ሁለቱ ሲጋጩ ይጠፋፋሉ። የሐይቁ ከፍታ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ መጋጫው ይቀየራል፤ በበጋ የሠራ ክረምት ላይ ያስቸግራል። ለዚህ ነው አንድ ምሰሶ ላይ ሁለት አንቴና፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ተደርጎ የሚታሰረው። ረቂቁ ላይ አንድ ነው ያለው። ሌላም አለ። ርቀቱን 10 ኪሎ ሜትር እንበል። በ5.8 ጊጋሄርዝ መሃሉ ላይ፣ በመስመሩ ዙሪያ 11 ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ባቱ ዳር የተያዘው ምሰሶ 6 ሜትር ነው። ማን ነው ያሰላው?

የኪቶው፣ ሰኞ 4፡30
6 ሜትር ለዋጋ ማስገቢያ ነው። ትክክለኛው ቦታው ላይ ተለክቶ ነው የሚታወቀው። ነገ ባቱ እወርዳለሁ፣ ጂፒኤስም አለኝ፣ ፎቶም አነሳለሁ። በእኔ ጣሉት።

የመርካቶው፣ ሰኞ 4፡50
የእኔ ጥያቄ አልተመለሰም።

የአጂፑ፣ ሰኞ 5፡05
«ጅማ ለዝዋይ» ቢባልስ? ሁለቱም አለበት።

የባቱ ተወካይ፣ ሰኞ 6፡20
«ለዝዋይ» ማለት ምን ማለት ነው? ምጽዋት ነው? የጋራ ፕሮፖዛል ነው ያላችሁን።

የመርካቶው፣ ሰኞ 6፡35
ጋሼ አይቆጡ። ምጽዋት ያለ የለም። ግን የማኅበሩ ስም ሙሉውን ይግባ፤ «የጅማ ኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር»። የሚያፍር አለ?

ጸሐፊ፣ ሰኞ 7፡00
አይገባም። የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት አያልፍም። አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይበላል። ቆጠርኩት። የሚቆመው «የጅማ ኮምፒውተር ባ» ላይ ነው።

የአጂፑ፣ ሰኞ 7፡02
ባ ምን? ባዶ?

የቦሳው፣ ሰኞ 7፡10
ሃሃሃ። የአምናውን አስታወሳችሁኝ።

ሰብሳቢ፣ ሰኞ 8፡30
ቀልዱ ይብቃ። የአምናው አይነሳ ተብሏል። ስሙ ኋላ ይወሰናል።

የመርካቶው፣ ሰኞ 8፡45
«ኋላ ይወሰናል» የተባለ ነገር እዚህ ማኅበር ውስጥ ተወስኖ አያውቅም። አሁን ይወሰን። መዋጮ ላይ ግን ማንም ኋላ አይለኝም!

የቦሳው፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡50
እኔ ሬዲዮውን ተዉት ነው የምለው። በሳተላይት ይሁን። የፓስፊኳን ደሴት አገር ቶንጋን እዩ። ጥር 2022 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እሳተ ገሞራው ፈንድቶ የባሕር ኬብላቸው ተበጠሰ። አገር ሙሉ ከውጭ የሚገናኘው በአንድ ኬብል ነበር። ዋናው ደሴት የተመለሰው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ርቀው ያሉት ትንንሾቹ ደሴቶች ከዋናው ደሴት የሚያገናኛቸው ኬብል እስኪጠገን ከዓመት በላይ ጠበቁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያተረፋቸው ሳተላይት ነው። የእኛስ ሊንክ አንድ አይደለም እንዴ? ባቱ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደሴቱ ይጠፋል።

የጅሬኗ፣ ማክሰኞ 3፡20
የቱ ሳተላይት? የድሮው ዓይነት ከሆነ ከምድር ወደ 36 ሺ ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው። ደርሶ መልሱ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል፤ በቪዲዮ ለሚነጋገር ሰው ያበሳጫል። ወርሃዊ ክፍያው ደግሞ ለጥቂት ሰው አይቀንስም። የደሴት ጣጣው እሱ ነው። ምሰሶው፣ ባትሪው፣ መስመሩ፣ አሥር ሰውም ተጠቀመበት አሥር ሺም ዋጋው ያው ነው። አትላንቲክ ላይ ያለውን ሴንት ሄሌናን የሚያህል የታወቀ ደሴት እንኳ ኬብል ያገኘው ኢኳያኖ የሚባለው ትልቅ ኬብል በዚያ ባሕር ሲያልፍ ተለጥፎ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ጫፉ ደሴቱ ደረሰ፣ ሥራ የጀመረው ግን በ2023 ነው። ትንሽ ሕዝብ ያለው በሌላ ሰው መስመር ነው የሚሳፈረው። እኛም የባቱን መስመር ነው የምንሳፈረው። ባቱ ላይ ባትሪ ይጨመር፣ አለቀ።

የቦሳው፣ ማክሰኞ 3፡30
ዝቅ ብለው የሚበሩት አሉ እኮ።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ 3፡45
አሉ። ፈቃድ የሌለው ዕቃ ግን ጉምሩክ ላይ ይቀራል፣ እኔም ደረሰኙን ይዤ እዚያው እቀራለሁ። ስለ ፈቃድ ካነሳን አይቀር፣ ገጽ 5 ላይ «ከሁለት ዓመት በኋላ ተጠቃሚው ትንሽ ይከፍላል» ይላል። ማነው የጻፈው? ሳንቲም የተቀበልን ቀን አገልግሎት ሻጭ ነን። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ በአዋጅ 1148/2011 የቆመው ለዚህ ነው። ኢንተርኔት ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

የመርካቶው፣ ማክሰኞ 3፡55
እናውቀዋለን። ስሙን ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ «ጅማ-ባቱ»። ቆጥሬዋለሁ፣ ይገባል።

የአጂፑ፣ ማክሰኞ 4፡00
ይሻላል።

የባቱ ተወካይ፣ ማክሰኞ 4፡40
ደሴቱ ባቱ አይደለም። ባቱ ከተማው ነው። የደሴቱ ሰዎች ዘይ ናቸው። የእነሱ ስም የትም የለበትም።

የመርካቶው፣ ማክሰኞ 4፡50
ጋሼ ራስዎ እኮ የባቱ ማኅበር ነዎት!

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ 5፡10
አንድ ሰው ስለ ገጽ 5 ይመልስልኝ።

የቆጪው፣ ማክሰኞ 5፡30
ሁለት ስም ማሰራጨት ይቻላል። አንዱ ራውተር ሁለት ስም ያወጣል። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ።

የጅሬኗ፣ ማክሰኞ 5፡35
ሁለት ስም ሲሆን ራውተሩ ራሱን ለማስተዋወቅ የሚያጠፋው የአየር ጊዜ ይጨምራል። ለክብር ብለን ፍጥነት እንቀንስ?

የመርካቶው፣ ማክሰኞ 5፡37
አዎ። እንቀንስ።

የጅሬኗ፣ ማክሰኞ 5፡38
እሺ በቃ። እኔ ወጣሁ።

ሰብሳቢ፣ ማክሰኞ 9፡00
ማንም አይወጣም። እህቴ ተመለሺ፣ ቴክኒኩን ካንቺ በቀር የሚጽፍ የለም። የመርካቶው፣ አንተም ቀዝቀዝ በል። ሰው ቡና ጠጥቶ ይምጣ።

የባቱ ተወካይ፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡30
ከሰኞ ጀምሮ ስለ ስም ታወራላችሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀልባ አናወጣም። እምቦጩ ሞተሩን ይይዛል። ዕቃው ዓርብ ቢበላሽ ጠጋኙ ከየት ነው የሚመጣው? ከጅማ? በአዲስ አበባ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ጀልባ ጥበቃ። ለዚህ ነው ደሴቱ ላይ ሁለት ልጆች አሠልጥኑልን ያልናችሁ። ረቂቅ 1 ላይ ነበር። ረቂቅ 3 ላይ የለም። ማን አወጣው?

የጅሬኗ፣ ረቡዕ 2፡10
ለዚህ ነው የተመለስኩት። ጋሼ ልክ ናቸው። ኒዌ የምትባል ትንሽ የፓስፊክ ደሴት አለች፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 ለሕዝቡ ሁሉ ነጻ ዋይፋይ ብላ ስሟን አስጠራች። ማወጁ ቀላል ነበር። የባሕር ጨው፣ ዝናብና መብረቅ ዕቃውን እየበሉት ማቆየቱ ነው የከበደው። ጨው የለብንም፤ መብረቅ ግን ጅማ ላለ ሰው አልነግርም፣ ስንት ራውተር ቀብራችኋል። ኮንጎ ውስጥ ኪቩ ሐይቅ ላይ፣ ኢጅዊ ደሴት፣ ፓሞጃ ኔት የሚባል አለ። ከእኛ ሐሳብ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው፤ ሐይቅ ነው፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ነው የያዘው። እዚያው ያለ ሰው ካልጠገነው ምሰሶው የወፍ ማረፊያ ነው የሚሆነው። ሥልጠናው ይመለስ።

ጸሐፊ፣ ረቡዕ 2፡30
ሥልጠናው የወጣው አበል ሲጨመር ነው። አበሉን የጨመረው ጠቅላላ ጉባኤው ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ 2፡40
አበሉ ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ነው። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ከ20 በመቶ ማለፍ አንችልም። አሁን ጫፉ ላይ ነን። ሥልጠናውን ለመመለስ አንድ ሰው አበሉን ይተው። ማነው የሚተው?

የቦሳው፣ ረቡዕ 4፡00
ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይታሰብበት።

የአጂፑ፣ ረቡዕ 4፡10
ስብሰባ ይጠራ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ 4፡12
ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ውሎ አበል አለ።

ጸሐፊ፣ ረቡዕ 8፡00
የኪቶው የልኬቱን ውጤት ላክ። ርቀትና ከፍታ ሳይገባ ገጽ 3 ባዶ ነው።

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ 11፡20
የኪቶው?

የአጂፑ፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡00
ልጁ ባቱ የሄደ አይመስለኝም፤ ትናንት መርካቶ አይቼዋለሁ። ለማንኛውም አንድ ሐሳብ አለኝ። ውሃ ላይ ሬዲዮ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ባቱ መሄድ ግድ ነው? እዚሁ ጅማ ቦዬ አለልን አይደል! ከወዲህ ዳር ወደ ወዲያ ዳር አንድ ሙከራ እናድርግ። ውጤቱን ፕሮፖዛሉ ላይ እናስገባለን። ለጋሽ «ሙከራ ተደርጓል» ሲባል ይወዳል።

የቦሳው፣ ሐሙስ 3፡15
ጉማሬዎቹስ?

የአጂፑ፣ ሐሙስ 3፡16
ጉማሬ ፓስዎርድ አይጠይቅም።

የጅሬኗ፣ ሐሙስ 3፡40
ቦዬ ረግረግ ነው። ርቀቱ ጥቂት፣ ዳሩ ሣር። እዚያ የሠራ ዝዋይ ላይ ይሠራል ማለት አይቻልም። ለመለማመጃ ከሆነ እሺ።

የቆጪው፣ ሐሙስ 4፡05
ለመለማመጃ ብቻ ለምን? ቦዬ ለመዝናናት ሰው ይሄዳል። ምሰሶው አንዴ ከተተከለ ለምን ይነቀላል? ሕዝባዊ ኢንተርኔት ነው አይደል ዓላማው? ጅማ ሕዝብ የለም?

የመርካቶው፣ ሐሙስ 4፡10
አሁን ሰው ተናገረ። ጥገናውም ቅርብ ነው። ባጃጅ ይበቃል። ስሙም አያጨቃጭቅም።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ 4፡30
የጀልባ ኪራይና የባቱ አበል ሲወጣ 20 በመቶው ይላላል። ይህን እንደ ሒሳብ ነው የምናገረው፣ እንደ ድጋፍ አትውሰዱት።

ሰብሳቢ፣ ሐሙስ 9፡15
እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ምዕራፍ አንድ ቦዬ። ምዕራፍ ሁለት ዝዋይ፣ ገንዘብ ሲፈቀድ። ርዕሱ «የውሃ ዳር ሕዝባዊ ኢንተርኔት» ይባል። ሁሉንም ያቅፋል። ጸሐፊ ዛሬ ያስተካክለው።

የጅሬኗ፣ ሐሙስ 9፡30
ለጋሹ ያወጣው ጥሪ «ተደራሽ ላልሆኑ የደሴት ነዋሪዎች» ይላል። ቦዬ ላይ የሚኖረው ጉማሬ ነው። ማን አንብቦታል?

የቆጪው፣ ሐሙስ 9፡40
ምዕራፍ ሁለት አለ እኮ።

የባቱ ተወካይ፣ ሐሙስ 12፡10
ምዕራፍ ሁለት ላይ የእኛ ማኅበር ማህተም አያርፍም። ስናወራ የነበረው ስለ ቱሉ ጉዶ ነው። ሌላ አጋር ፈልጉ። ሁለቱን ልጆች እኛው እዚህ የሚያሠለጥን እንፈልጋለን።

ሰብሳቢ፣ ሐሙስ 12፡25
ጋሼ አይቸኩሉ፣ እንነጋገር። ስልክዎን ያንሱልኝ።

የመርካቶው፣ ሐሙስ ማታ 2፡00
ራሳቸው ናቸው የወጡት። እኛ አላስወጣንም። ይመዝገብ።

የጅሬኗ፣ ሐሙስ ማታ 2፡20
ይመዝገብ ከተባለ ይህም ይመዝገብ፦ ቴክኒኩን የጻፍኩት ለዝዋይ ነው። ሁለቱ አንቴናዎች፣ የባቱ ባትሪ፣ የመብረቅ መከላከያው፣ ሁሉም። ቦዬ ላይ ግማሹ አያስፈልግም። ለጋሹ ለምን ይህን ሁሉ ጠየቃችሁ ሲል እኔን እንዳትጠሩኝ።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ጠዋት 3፡00
ረቂቅ 4 ተለጥፏል። የአጋር ቦታ ባዶ ነው፣ «በሂደት ላይ» ብዬ ሞላሁት። የአንቴናው ቁጥር እንዳለ ነው፣ የሚቀንስ ሰው አልተገኘም። አሁን የእኛን ማህተም አሳርፈን እናስገባለን። ማህተሙ ያለበት መሳቢያ ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ 3፡20
የኪቶው ጋ። ለባቱ ጉዞ ደብዳቤ ላሳትም ብሎ ሰኞ ወስዶት ነበር።

ሰብሳቢ፣ ዓርብ 3፡25
ደውሉለት።

የአጂፑ፣ ዓርብ 3፡30
ዝግ ነው።

ሰብሳቢ፣ ዓርብ 3፡35
ኪቶ አካባቢ ያለ ሰው ቤቱ ይሂድ። ቢሮው 11 ሰዓት ይዘጋል።