96 ከመቶ የሆነ መጠጥ በንጹሑ ይጠጣል?

የዋርሶው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ዋርሶ ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። ትናንት አብሮኝ የሚኖረው የፖላንድ ልጅ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይዞ ገባ። «ስፒሪቱስ ሬክቲፊኮቫኒ» ይላል፤ ጎኑ ላይ 96 ከመቶ ተብሎ ተጽፏል። ክዳኑን ስከፍተው ዓይኔን አቃጠለኝ። ክሊኒክ መርፌ ስንወጋ ክንዳችንን የሚጠርጉበት ነገር ነው የሚሸተው። ቅዳሜ ልደት አለን፤ ልጆቹ በመለኪያ እንሞክረው እያሉ ነው። የቀመሰው አለ?

አረቄ ያሳደገኝ፦
ወንድሜ፣ በንጹሑ እንዳትነካው። እናቴ ደብረ ብርሃን አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። የድፍድፉን እንስራ አፍ ስትመርግ፣ በሸንበቆው ጠብ ጠብ የሚለውን ስትጠብቅ ሌሊቱ ይነጋ ነበር። ገዢ ሲመጣ ትንሽ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ትጭርበታለች። ሰማያዊ ነበልባል ከያዘ ዳግም አረቄ ነው፤ ሰውየው ሳይከራከር ይከፍላል። ያ ዳግም አረቄ እንኳ 45 ከመቶ አካባቢ ነው። የአንተ እጥፉ ነው!

እኔ ቺካጎ ስሠራ አንድ መለኪያ ቀምሻለሁ። ጣዕም የለውም። ምላሴ ክው ብሎ ደረቀ፣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ እህል ስውጥ ጉሮሮዬን ያቃጥለኝ ነበር።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ከዚህ በላይ ጠንካራ መጠጥ የማይገኘው ለዚህ ነው፦ አልኮል በ78 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ጥንካሬው 97 ከመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን ውሃውና አልኮሉ አብረው ይተናሉ። መቶ ጊዜ ብታወጣው አይለያዩም። «ኤቨርክሊር» የሚባለው የአሜሪካኖቹ መጠጥም ጠንካራው 95 ከመቶ ነው።

ልደት ስላልክ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ትነቱ በቤት ሙቀት እሳት ይይዛል። ሻማ የበራበት ኬክ አጠገብ በፍጹም አትክፈቱት። አደራ።

የዋርሶው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ልጁን ጠየቅኩት፤ ለካ ሊጠጣው አይደለም ያመጣው። አያቱ ቼሪ በስኳር ዘፍዝፈው «ናሌፍካ» የሚሉትን ይሠሩበታል። ውሃ ስንት ይጨመርበት?

አረቄ ያሳደገኝ፦
ግማሽ ሊትሩ ላይ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ብትጨምር ወደ 40 ከመቶ ይወርዳል፤ እንደ ተራ ቮድካ ማለት ነው። ለቼሪው ግን የአያቱን መጠን ጠይቁ፤ እሳቸው ያውቁታል።

የዋርሶው ልጅ፦
ደውለን ጠየቅናቸው። ቼሪው ተዘፍዝፏል፤ ከአሁኑ ቀለሙን መልቀቅ ጀምሯል። ቅዳሜ ቢራ ነው የምንጠጣው።